ከአፍ ሁለት ስንዝር

ዳይሬክተሩ ገና ከበሩ ሳይገባ የሁለት እጆቹን ጣቶች አራት ማዕዘን ሠርቶ በመሃሉ ሳሎኑን አየበት። ግራ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ የጫማ መደርደሪያውን በተረከዙ ረገጠና «ቆንጆ» አለ። ድምፅ ቀራጩ ሁለት ሻንጣ በሁለት እጁ፣ አንድ ረጅም ዘንግ በብብቱ ይዞ ከኋላው ቆሟል። እነዚያ ጣቶች እስኪወርዱ ድረስ ደረጃው ላይ መጠበቅ ነበረበት። ጠበቀም። በልቡ ግን፣ ይህ ሰው እናቱንም የሚያያት በጣቶቹ መሃል ይሆን፣ አለ።

ድምፅ ቀራጩን የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሼ ጆሮ» ይሉታል። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ዝምተኛ፣ ሳይጸልይ ሥራ የማይጀምር፣ ሲጸልይ ደግሞ ማንም የማያውቅበት ሰው ነው። ሙያውን ያስተማረው የለም። ሬዲዮ ጠጋኝ ሳለ የሰው የተሰበረ ማይክ እየፈታና እየገጠመ፣ ከወንበር ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት እያዛወረ፣ የገዛ ሳሉን እየቀዳና መልሶ እየሰማ ለብቻው ተማረ። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ እምነትና አንድ ንቀት ተርፎታል። እምነቱ፣ ማይክ የሚቆመው አፍ ያለበት እንጂ ካሜራ ያለበት አይደለም የሚል ነው። ንቀቱ ደግሞ በዓይናቸው ብቻ የሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። ዳይሬክተሩን በልቡ «ፍሬም» እያለ ነው የሚጠራው። ሰውየው ይህን፣ የምስል ድንበር ማለት የሆነውን፣ ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚል አንዴ ሊቆጥር ሞክሮ፣ ገና ከምሳ በፊት ስልሳ አንድ ላይ ሲደርስ ታክቶት ትቶታል።

የመጡበት ጉዳይ ግን የሚቀለድበት አልነበረም። የቤቱ እመቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ «ቲቸር» ይላቸዋል። ሰኞ ጠዋት ጉሮሯቸው ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው። ሐኪሙ አልሸሸጋቸውም፤ ዕጢው ሲወጣ ድምፃቸውም አብሮ ይሄዳል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የሆነችው ልጃቸው ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሰባት ወር አርግዛለች። እናቷ ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩ በቪዲዮ እንዲቀረጽላት ብላ ነው እነዚህን ሁለት ሰዎች የጠራቻቸው። ሐኪሙ የፈቀደው የግማሽ ሰዓት ንግግር ነው። ከዚያ ካለፈ ጉሮሮው አብጦ የሰኞውን ሥራ ያበላሽበታል። ቲቸር ለዚህች ግማሽ ሰዓት ሲሉ ሁለት ቀን ሙሉ ትንፍሽ ሳይሉ ቆይተዋል። የሚፈልጉትን በደብተር ይጽፋሉ፤ እጃቸው የሰሌዳ እጅ ነውና ፊደላቸው ከበር ላይ ይነበባል። ለእንግዶቹ ከፍ አድርገው ያሳዩት የመጀመሪያ ገጽም «ግቡ። ጫማችሁን ጥረጉ።» የሚል ነበር።

ፍሬም ጫማውን ሳይጠርግ ገባ። መጀመሪያ መጋረጃውን አስወረደ፤ ብርሃን ይከለክላል። ቀጥሎ ምንጣፉን አስጠቀለለ፤ ቀለሙ ከቲቸር ቀሚስ ጋር ይጣላል። ከዚያ የሶፋውን ትራሶች አስነሣ፤ ለምን እንደሆነ እሱም አልተናገረ፣ የጠየቀውም የለም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሳሎኑ ሴራሚክ ወለል፣ የመስታወት ጠረጴዛና ባዶ ግድግዳ ብቻ ሆነ። ጋሼ ጆሮ መሃል ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ተመለሰለት።

ፍሬም ዘወር ብሎ «ምነው ጋሼ፣ ደስ አለህ?» አለው።

«ሰው ባልዲ ውስጥ አስገብተን ልናነጋግር ከሆነ፣ ባልዲው ተዘጋጅቷል።»

ፍሬም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ካሜራው ሄደ። ማስቲካ ያኝካል፤ ሲያስብ ፈጠን፣ ሲያይ ቀስ ያደርገዋል። ጋሼ ጆሮ ከሻንጣው ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አውጥቶ አንዱን ከቲቸር ወንበር ፊት ለፊት ካሜራ በማያየው ወለል ላይ ዘረጋ፣ ሌላውን በሩ ላይ ሰቀለ። ያን የተጠቀለለውን ምንጣፍም ከግድግዳው ሥር አጋደመው፤ ተባርሮም ቢሆን ጥቂት ድምፅ ይውጥ ብሎ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ የሚያጉረመርመውን ፍሪጅ ነቀለ። ከዓመታት በፊት ፍሪጅ ነቅሎ ሳይሰካ የወጣበት አንድ ቤት አለ፤ የዚያ ቤት ሥጋ እስከ ዛሬ በኅሊናው ይሸተዋል። ከዚያ ወዲህ የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ትቶ ነው የሚወጣው። ቁልፉን ሳይዝ ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ሊወስደው ሲመጣ ደግሞ ፍሪጁን መሰካት አይረሳም።

ሲመለስ ዋናው ጠብ ጠበቀው፤ ማይኩ የት ይቁም የሚለው።

ፍሬም እንደሚለው ጥያቄውም አላስፈላጊ ነው። ካሜራው አናት ላይ ጸጉር የለበሰች፣ የሞተች አይጥ የምትመስል ማይክ ተሰክታለች፤ እሷ አለችልህ አይደል እንዴ ነው የሚለው። ካሜራው የቆመው ደግሞ ከቲቸር ወንበር ስድስት እርምጃ ርቆ ነው፤ ፍሬም የመጽሐፍ መደርደሪያውን በሙሉ፣ ከዚያም በላይ አንድ ክንድ ጣሪያ ማሳየት ይፈልጋል። ጋሼ ጆሮ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ዓይንና ጆሮ አንድ እንዳልሆኑ አስረዳ። ካሜራ ከሩቅ ሆኖ ሰው ማየት ይችላል። ማይክ ግን በራቀ ቁጥር ሰውየውን እየተወ ክፍሉን ነው የሚሰማው፤ ስድስት እርምጃ ላይ ወለሉ ከቲቸር የበለጠ ይናገራል።

ፍሬም ይህን ሰምቶ ሌላ መላ አመጣ። ትንሿ የደረት ማይክ ከአንገት ልብሳቸው ሥር ትደበቅ። ጋሼ ጆሮ ልብሱን በሁለት ጣቱ ነካ አደረገው፤ ሐር ነው፣ ሲነካ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። በዚያ ላይ ፍሬም ራሱ «ለቀለም» ብሎ ያስጠለቃቸው ትልልቅ ዶቃ አለ፤ ቲቸር በተነፈሱ ቁጥር ቋ፣ ቋ ይላል። እንግዲያው፣ አለ ፍሬም፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው የፕላስቲክ አበባ ኋላ እንሸጉጠው። ጋሼ ጆሮ አበባውን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ ፍሬምን አየ። ዘንጉን መግጠም ጀመረ።

እሱ የመረጠው ቦታ አንድ ነው። ማይኩ ከቲቸር ግንባር ትንሽ ቀደም ብሎ ከላይ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ አፍንጫው ወደ አገጫቸው ያዘነብላል፣ ከአፋቸው የሚርቀው ሁለት ስንዝር ብቻ ነው። በገዛ መዳፉ ለካው። ፍሬም በካሜራው አይቶ ጮኸ፤ ፍሬሙ ውስጥ ገባ፣ ሰው ያየዋል፣ ምስሉ አለቀለት። ጋሼ ጆሮ ድምፁን ሳያነሣ፣ ፍሬሙ ዝቅ ይበል አለ፤ ጣሪያው የሚናገረው ነገር የለም። ሁለቱም ሽንጣቸውን ገትረው ቆሙ። ቲቸር በመሃላቸው ተቀምጠው፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያዩ፣ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጽፈው ሰረዙት።

ነገሩን የቆረጠችው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታይ የነበረችው ልጃቸው ናት። ጋሼ ጆሮ ማዳመጫውን ሰጣትና ዳይሬክተሩን፣ የቲቸርን ድምፅ ለሙከራ ማባከን ነውር ስለሆነ፣ እስቲ አንተ ተቀመጥና አውራ አለው። ፍሬም ማውራት መቼ ገዶት። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ስለ ብርሃን፣ ስለ ጥላና ስለ ፍሬም አፉን ሞልቶ ተናገረ። ልጅቱ መጀመሪያ በአይጧ በኩል ሰማችው፤ መታጠቢያ ቤት ተቆልፎበት የሚለፈልፍ ሰው መሰላት። ቀጥሎ ጋሼ ጆሮ ሁለት ስንዝር ላይ ያለውን ከፈተላት። ፊቷ ተለወጠ። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጫን አደረገችው።

«ይኸኛው» አለች። «ከንፈሩ ሲላቀቅ እንኳን ይሰማል።»

«እሺ፣ ምስሉስ?» አለ ፍሬም ከወንበሩ ሳይነሣ።

«የእማዬ ፎቶ ሦስት አልበም ሙሉ አለኝ። የሌለኝ ድምጿ ነው።»

ፍሬም ኩም አለ። ኮምጣጤ እንደጠጣ ሰው ፊቱን ጨፍግጎ ካሜራውን ወደ ፊት አመጣ፣ ፍሬሙን ዝቅ አደረገ፤ ጣሪያው ወጣ፣ የመደርደሪያው ግማሽ ወጣ። ዶቃውን ጋሼ ጆሮ ራሱ ከቲቸር እጅ ተቀብሎ የፕላስቲኩ አበባ ላይ አንጠለጠለው፤ ጌጥ ለጌጥ ይጨዋወቱ ብሎ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እሱ ግን ይህን ለራሱ አላመነም፤ ስለ ቲቸር ድምፅ ብቻ የተደሰተ መሰለው።

መቅረጫው መዳፍ የምታህል ሣጥን ናት። ጭኑ ላይ አስቀመጣት፣ ማዳመጫውን አጠለቀ፣ ቁልፏን ተጫነ። የቲቸር ትንፋሽ ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ቅርብ፣ ደረቅ፣ ጥርት ያለ። በዚህ ጊዜ ነው ዘወትር በልቡ «አቤቱ፣ ይህን ጆሮ የሰጠኸኝ አንተ ነህ፣ አታሳፍረኝ» የሚለው። ዛሬ ግን ቀና ሲል ፍሬም ካሜራው ላይ ተጎንብሶ፣ ማስቲካውን እያላመጠ፣ ትንሿን የካሜራ መስኮት በፍቅር ሲያያት አገኘው። አላስቻለውም።

«አንተም አንዳንዴ ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማ፣ አንድ ቀን ሰው ትሆን ነበር» አለው።

ይህን ብሎ እንዴት እንደሚደረግ ለማሳየት የገዛ ዓይኖቹን ጨፈነ፣ እጁን አንሥቶም ለቲቸር ምልክት ሰጠ።

«ልጆቼ» አሉ ቲቸር።

ሁለት ቀን የታፈነ ድምፅ ነበር። ጎርነን ያለ፣ ጫፉ ላይ ጠመኔ ሰሌዳ ሲነካ እንደሚለው ሻከር የሚል። ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል የገቡበትን ቀን አወሩ። ያን ዕለት ጠዋት መብራት ጠፍቶ ስለነበር በዳበሳ ለብሰው ወጡ፤ ክፍል ገብተው ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ስልሳ አራት ልጅ አንድ ላይ ወደ እግራቸው አየ። አንዱ ጫማ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር ነው። ልጆቹ ሊስቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ቲቸር፣ በዚህ መሳቅ የሚፈቀድለት «ጫማ» ብሎ መጻፍ የቻለ ብቻ ነው አሏቸው። በወሩ መጨረሻ አርባ ሦስት ልጅ ጽፎ፣ አንድ በአንድ እየተነሣ ሳቀ። ሃያ አንዱ ጥርሱን ነክሶ ለሚቀጥለው ወር ቆየ።

ጋሼ ጆሮ ዓይኑን እንደጨፈነ ሁሉን ሰማ። ምላሳቸው ከላንቃቸው ሲላቀቅ ሰማ። ሳቁ አፍ ላይ ሳይደርስ ጉሮሮ ውስጥ ሲነሣ ሰማው። አንድ ቦታ ላይ የሞቱት ባላቸውን ሲጠቅሱ ድምፃቸው ሩብ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ወዲያው ተመለሰ፤ ከእሱ በቀር በዚያ ክፍል ይህን የሰማ አንድም ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነበር። እነዚያ ዓይን ብቻ ያላቸው ምን ያውቃሉ፣ አለ በልቡ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንደዚህ እያለ ተቀመጠ።

ቲቸር ውሃ ለመጠጣት ሲያቆሙ ከጸሎት እንደሚነቃ ሰው ዓይኑን ቀስ አድርጎ ገለጠ። ጭኑ ላይ ያለችው ሣጥን ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከመብራቱ ሥር ስድስት ዜሮ ተሰልፏል።

ይህች ሣጥን ጠባይ አላት። ቁልፏ አንዴ ሲጫን ትነቃለች፤ መለኪያዋ ይጨፍራል፣ ማዳመጫው ውስጥ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይሰማል፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል። ግን አትቀዳም። መብራቷ ቀጥ ብሎ የሚበራውና መቅዳት የምትጀምረው ሁለተኛ ሲጫኗት ነው። ጋሼ ጆሮ ይህን አሥራ አንድ ዓመት ያውቀዋል፤ ለሌሎችም አስተምሯል፣ የረሱትንም ስቆባቸዋል። በአንደኛውና በሁለተኛው መሃል የሚያደርሳት ያች አጭር ጸሎት ናት። ዛሬ በእሷ ቦታ ስድብ ገባ፣ ስድቡም ሁለተኛውን ይዞ ሄደ።

በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ሦስት ውሸት ተዘጋጅቶ መጣለት፤ ባትሪው ከድቶ ነው፣ ካርዱ ተበላሽቶ ነው፣ ገመዱ ላልቶ ነው። ሦስቱም ያምራሉ፣ ሦስቱንም የሚመረምር ሰው እዚያ ቤት የለም። እንዲህ በፍጥነት መምጣታቸው ነው ያስደነገጠው። ማዳመጫውን አወለቀ።

«አልተቀዳም» አለ። «መሣሪያው ምንም አልሆነም። እኔ ሁለተኛውን ሳልጫን ቀርቼ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር መብራቱን አላየሁትም።»

ልጅቱ ያልሰማች ይመስል ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ፍሬም ከካሜራው ኋላ ወጣ። ማስቲካው ቆሟል።

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ደቂቃ ምን ስትሰማ ነበር ታዲያ?»

«እሳቸውን።»

«ለብቻህ?»

ጋሼ ጆሮ በሃያ ዓመት ሥራው ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ነገር ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ፍሬም ግን ድሉን በቅጡ ሳያጣጥም ሊያበዛው ፈለገ። ካሜራው እንደሆነ ቀርጿል አለ፤ ያችው የናቃችኋት ማይክ አለችላችሁ፤ እሱ መሣሪያውን ዓይኑን ገልጦ ነው የሚያሠራው። ማዳመጫውን በኩራት ካሜራው ላይ ሰካና ለልጅቱ ሰጣት። እሷም ተቀበለች። ከባልዲ ሥር የሚመጣ የእናቷ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ላይ ደግሞ፣ ጆሮዋ ሥር፣ እርጥብ ነገር ሲላመጥ። ለካ አይጧ ከፍሬም መንጋጋ አንድ ስንዝር ላይ ነው የነበረችው። ማስቲካው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ አለ። በየመሃሉ በሹክሹክታ «ቆንጆ» ይላል። ባላቸው የተጠቀሱበት ቦታ ላይ ፍሬም አፍንጫውን ስቧል።

«እማዬ የት ናት?» አለች ልጅቱ። «የሚሰማኝ አንተ ስትበላ ነው።»

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ለጥቂት ጊዜ የቧንቧ ውሃ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ በአንድ እጇ ብርጭቆ፣ በሌላው የመኪና ቁልፍ ይዛለች።

«ፍሪጅ ውስጥ ቁልፍ ያስቀመጠው ማን ነው?»

ጋሼ ጆሮ እጁን ዘረጋ። ምክንያቱን ማስረዳት ይችል ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ቁልፉን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ስለ ጥንቃቄው ቢናገር ማን ይሰማዋል። ቀዝቃዛውን ቁልፍ ኪሱ ከተተው።

ቲቸር በዚህ ሁሉ መሃል አልተነሡም፣ አልተቆጡም። ሁለቱን ወንዶች ክፍል ሲረብሹ እንደተያዙ ልጆች ቀስ ብለው ካዩ በኋላ ደብተራቸውን አነሡ። መጻፊያው ሲንሸራተት ጋሼ ጆሮ ያለ ማዳመጫ ይሰማዋል። ገጹን አዙረው አሳዩ። «አንዱ ዓይን አለኝ ይላል፣ አንዱ ጆሮ አለኝ ይላል። ስምንት ደቂቃ ቀርቶኛል።»

ጋሼ ጆሮ ሊንበረከክና ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ወንበሩ ቀረበ። አንደኛው ጉልበቱ ወለሉን ሳይነካ ሁለተኛው ገጽ ፊቱ ላይ ቆመ። «በኋላ ታዝናለህ። አሁን ሥራ።»

ስለዚህ ሠራ። እንደጎነበሰ ቲቸርን አንድ ቃል ብቻ ለመናቸው፤ «እሺ» አሉት። በቃ፣ በዚያች ቃል ሁሉን ሰማ። ድምፁ ተጎድቷል፤ ጠመኔው ሰሌዳ ላይ ቀርቶ አቧራው ብቻ ነው የሚወጣው። ሁለት ስንዝር አሁን ሩቅ ነው፤ መሣሪያውን ከፍ ቢያደርግ ከድምፃቸው ይልቅ የውጭውን መኪና ያመጣበታል። ዘንጉን አወለቀ፣ ማይኩን አጭር ማቆሚያ ላይ ሰክቶ ከአገጫቸው በስተጎን አንድ ስንዝር ላይ አመጣው፤ ትንፋሻቸው ፊት ለፊት እንዳይመታው ትንሽ አዘነበለው። ካሜራው ከየትም ቢያይ ማይኩ ፊታቸው አጠገብ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ገመዱን እንደ ጅራት አንጠልጥሎ ይታያል።

ፍሬም በካሜራው አየ። «ይታያል» አለ።

ጋሼ ጆሮ የማይኩን ገመድ ማስተካከሉን ቀጠለ። ልጅቱም አላየችው።

ፍሬም ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ በወረቀት ጠቀለለ፣ ኪሱ ከተተ። ካሜራውን ተሸክሞ መጥቶ ከብርድ ልብሱ ላይ አቆመው፤ መደርደሪያውም ሁሉም ጠፍቶ የቲቸር ፊትና ያ ማይክ ብቻ ቀሩ። ከዚያ ወደ ጋሼ ጆሮ ዘወር አለ። በፊቱ ላይ ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም።

«መብራቷስ?»

«ቀጥ ብላለች።»

«አሳየኝ።»

ጋሼ ጆሮ ሣጥኗን አዞረለት። የቤት ሥራውን እንደሚያሳርም ልጅ ቆሞ ጠበቀ። ፍሬም ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሰከንዶቹ ሲሄዱ አየ፣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ውርደት እንደሚገባው ጋሼ ጆሮ አልተጠራጠረም፤ ብቻ አምላኩን፣ እንግዲህ ከዚህ ሰው በኩል ነው የላክህልኝ፣ አለው በልቡ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

ልጅቱ ከካሜራው ኋላ ቆማ እናቷ የጫማውን ታሪክ እንደገና ይጀምራሉ ብላ ጠበቀች። ቲቸር በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ቀልድ ሁለት ጊዜ አይወራም። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ የካሜራውን ዓይን ልክ የክፍሉን የመጨረሻ ረድፍ እንደሚያዩ አዩት።

«ስም ልጥራ» አሉ።

የመጀመሪያውን የልጅ ልጃቸውን ስም ከነአባቱ ጠሩ። ጠሩና ጠበቁ፤ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ እስኪመልስ የሚፈጀውን ያህል። ከዚያ እንደመለሰላቸው ሁሉ፣ ፊደል ሲጽፍ ወደ ጎን እንዳይጋደም፣ እህቱንም በደብተሯ እንዳያስለቅሳት ነገሩት። ሁለተኛዋን ጠሩ፣ ጠበቁ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ የሚስቅብሽ ቢኖር እሱ ማንበብ የማይችል ነው አሏት። ድምፃቸው በየቃሉ እየሳሳ ነው። ጋሼ ጆሮ አንድ ዓይኑን ከቀዩ መብራት፣ አንድ ጆሮውን ከጉሮሯቸው ሳይነቅል፣ እጁን እንኳን ሳያንቀሳቅስ ተቀምጧል።

ከዚያ ሦስተኛ ስም ጠሩ። የሴት ስም ነው፤ በዚያ ቤት ማንም ሰምቶት አያውቅም። ልጅቱና ባሏ ስለሚወለደው ልጅ ስም ለሳምንታት ሲጨቃጨቁበት የቆዩት ነገር እዚያው ላይ አለቀ። ልጅቱ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«አቤት» አለች።

በሙያው ሕግ ይህ ጥፋት ነው። ከካሜራ ኋላ የመጣ፣ ማይክ ያልቀረበለት፣ የወፈረና የታነቀ የሌላ ሰው ድምፅ ሥራው መሃል ገባ። ፍሬም ለማስቆም እጁን አንሥቶ ወደ ጋሼ ጆሮ አየ፤ ስለ ዝንብ ክንፍ ቀረጻ ያስቆመ ሰው ነውና ይህን አይተወውም ብሎ። ጋሼ ጆሮ ተው በሚል ራሱን ነቀነቀ። የፍሬም እጅ ወረደ።

ቲቸር ልጃቸውን አላዩም፤ ወደ ኋላ ረድፍ እንዳዩ ናቸው።

«አርፍደሽ ነው የመጣሽው» አሉ። «ግድ የለም። ግቢ።»

ሌላም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከሩ፣ የመለኪያው መርፌ አልተነሣም። አፋቸውን ዘጉና እጃቸውን አንድ ጊዜ በአየር ላይ አገላበጡ፤ አበቃ ማለታቸው ነው። ከስምንቱ ደቂቃ ሁለቱ ተርፎ ነበር።

ልጅቱ ወደ እናቷ ልትሮጥ ስትል ጋሼ ጆሮ መዳፉን ዘርግቶ ለመናት። አንድ ነገር ቀርቶታል። ቀረጻ ሲያልቅ የክፍሉን ዝምታ ለብቻው አንድ ደቂቃ ይቀዳል፤ በኋላ ንግግሩ ተቆርጦ ሲቀጠል ክፍተቱ የሚሞላው በዚያ ነው። ፍሬም ይህችን ደቂቃ እንደ ዕብደት ነው የሚቆጥራት፤ ሁልጊዜ እሷ ላይ ገመድ ይጠቀልላል፣ ስልኩን ያያል። ዛሬም በሃያኛው ሰከንድ ጫማው ሴራሚኩ ላይ ሲጥ አለ።

«እንደገና» አለ ጋሼ ጆሮ።

እንደገና ቆሙ። በሠላሳኛው ሰከንድ ፍሬም ካሜራውን ሊነካ ሄደ። ቲቸር ያን ጊዜ ክንዳቸውን አነሡና፣ ቀስ ብለው፣ በሌባ ጣታቸው ከመደርደሪያው አጠገብ ያለውን ጥግ አሳዩት። ፍሬም ጣቱን አየ፣ ጥጉን አየ። ሄደ። ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

ደቂቃው ለሦስተኛ ጊዜ ተጀመረ። ወንበሩ አንዴ ተንቋቋ። ልጅቱ አፍንጫዋን ሳበች። ከሩቅ ሰው በር ዘጋ። ከዚህ ሁሉ ሥር የቲቸር ትንፋሽ በአፍንጫቸው ይገባል፣ ይወጣል፣ ያለ ቃል፣ ልክ በልኩ። ከሰኞ ወዲያ በዚህ ቤት የሚሰማው ይህ ነው። ጋሼ ጆሮ ዓይኑን ገልጦ ሰማው።

ደቂቃው ሞላ። የመቅረጫውን ቁልፍ አልነካም። ፍሬምም ከጥጉ አልወጣም፤ ቲቸር ገና አላሰናበቱትም።